ጭላዳ ሊያዩ የሄዱ ዕለት

"ቁጭ በሉ። ቆማችሁ ካያችኋቸው ይሸሻሉ፤ ቁጭ ካላችሁ ግን መኖራችሁንም ይረሱታል" አሏቸው አያ ሰውአገኝ፣ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ እያጋደሙ። ደባርቅ ላይ ከስሜን ፓርክ ጽሕፈት ቤት የተመደቡላቸው ታጣቂ ጠባቂ፣ ስካውት ናቸው።

ሰርካለም እንደተባለችው ሣሩ ላይ ተቀመጠች። መዝሙርም ከጎኗ። ብዙም ሳይቆይ የቡይት ራስ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ብቅ ብቅ ብለው፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁና ሣሩን በሁለት እጃቸው እየነጩ ወደ እነሱ መጡ።

"ያንን ባለጎፈሩን እየው" አለች በሹክሹክታ። "የኛን ሜትሮን አይመስልም? ተረኛ ሲያረፍድ እኮ እንዲህ ነው የሚያፈጠው።"

መዝሙር ሳቀላት። ሰርካለም የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሜትሮን የምትለውም የነርሶቹን አለቃ ነው፤ ይህችን የእረፍት ቀን ያገኘቻት ስንት ጓደኛ ለምና ነው። ጭላዳ ልይ ካለች ደግሞ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጎንደር ተወልዶ ስሜንን አለማየት ነውር ነው እያለች ስትጨቀጭቀው፣ ሠርጉ ከመድረሱ በፊት አሳይሻለሁ ብሏት ነበር። ቃሉን ጠበቀ። ዓይኑ ጭላዳዎቹ ላይ ይሁን እንጂ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም።

"ባልና ሚስት ናችሁ?" አሉ አያ ሰውአገኝ።

"ለጥር ልንሆን ነው" አለች ሰርካለም።

"ዘር ተቆጥሯል?"

"ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ የሚያገናኘን አልተገኘም።"

"ሸጋ ነው። ወልዳችሁ ሳሙ።"

"አሜን" አለች። መዝሙር አሜን ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው።

ሽማግሌዎቹ እውነትም ሰባት ቤት ቆጥረዋል። የእሱን ወገን ከጭልጋ፣ የእሷን ወገን ከጠዳ እየጠሩ ሲወርዱ ሲወጡ ውለው፣ የሚነካካ አጥንት ስላላገኙ በደስታ መርቀው ነው የተነሱት። የቆጠሩት ግን ሥጋን ብቻ ነበር። ስለ ክርስትና ማን ይጠይቃል? የክርስትና እናቱን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ባለፈው እሁድ ሰርካለም አዘዞ ሄዳ፣ ለመዝሙር እናት ለአበቡ የሟች እናቷን ፎቶ አሳየቻት። አማቷ የምትሆነው ሴት እናቷን በፎቶ እንኳ እንድታውቃት ብላ ነው። አበቡ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ሰርካለምን የት ክርስትና እንደተነሳች፣ የክርስትና ስሟም ማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ጠዳ ነው፣ ስሜም ወለተሩፋኤል አለች ሰርካለም። አበቡ ራሴን አመመኝ ብላ ገብታ ተኛች። ለልጇ የነገረችው ልጅቷ ከሄደች በኋላ ነው።

"እኔ ነኝ ያነሳኋት" አለችው። "አንተን አዝዬ እህቴን ልጠይቅ ጠዳ ሄጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ክርስትና እናት እንድትሆን የተጠራችዋ ሴት ወንዝ ሞልቶባት ቀረች። ቄሱ ዞር ዞር ብለው አዩና 'አንቺ ተቀበያት' አሉኝ። አንተን ለሌላ ሴት ሰጥቼ እሷን ታቀፍኩ። ወዲያው አባትህ ወደ ሁመራ ተዛወረና አላየኋትም። ኃጢአቴ ይኸው ነው፤ ዞሬ አለማየቴ።"

የክርስትና ልጅና የአብራክ ልጅ እህትና ወንድም ናቸው። እንዲህ ያለ ጋብቻ እንደማይባረክ ለመዝሙር አስረጂ አያስፈልገውም። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ቄሱ አርፈዋል። የልጅቷ እናት የለችም። አባቷም ያን ክረምት ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ ነበር።

"እኔ አፌን እይዛለሁ" አለች አበቡ እያለቀሰች። "ተክሊሉ ላይ ግን አልቆምም።"

ዝም አይነቅዝም ይላል የሀገሬ ሰው። መዝሙር ሳምንቱን ሙሉ ይህችኑ ተረት እንደ ጸሎት ሲደጋግማት ከርሞ፣ ዝም ለማለት ቆርጦ ነው ወደ ቡይት ራስ የመጣው። ሰርካለምን ከሚያጣ የእግዜርን ቁጣ ይችላል። እንዲያ ነበር ያሰበው።

አንዲት እናት ጭላዳ ግልገሏን ከደረቷ አላቀቀች። ሌላዋ ተቀብላ ታቀፈችውና ቅማሉን ትለቅምለት ጀመር።

"ተቀባበሉት፣ አየህ?" አለች ሰርካለም። ቀጥሎ ስትናገር ድምጿ ቀጥኖ ነበር። "የክርስትና እናቴን ባገኛት።"

"ምነው ዛሬ ትዝ አለችሽ?"

"ዛሬ ብቻ መሰለህ? እናቴ ልትሞት ሰሞን 'እኔ ባልኖርም እናት አለሽ፤ ፈልጊያት' ብላኝ ነበር። ስሟን እንኳ በቅጡ አልያዘችውም። ጠዳ ሄጄ ያልጠየቅኩት ሽማግሌ የለም። መንገደኛ ነበረች አሉ፤ የራሷን ሕፃን ለሌላ ሰው ሰጥታ ነው እኔን ያነሳችኝ። ሠርጌ ዕለት መጥታ ብታቅፈኝ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።"

ይህን ነግራው አታውቅም። የእናቷ ነገር ሲነሳ ስለምታለቅስ እሱም አይጠይቃትም ነበር።

"ያ ሕፃን ራሱ ወንድሜ ነው እኮ" አለች ፈገግ ብላ። "ይኸኔ እንዳንተ ጎረምሳ ሆኖ ይሆናል።"

መዝሙር እጁ ሥር ያለውን ሣር ጨበጠ። የእግዜርን ቁጣ እችላለሁ ብሎ ነበር፤ ይህን ግን አልቻለም። ባል ልሁናት ብሎ እናት የሌላትን ልጅ እናት ሊነፍጋት ነው። በየማታው አንድ ትራስ ላይ ተኝታ፣ እናቷን ስትፈልግ እየሰማ እንቅልፍ ሊወስደው ነው።

"ሰርኬ" አላት። "ያ ሕፃን እኔ ነኝ።"

ሳቀች። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ሳቋ ቆመ።

"ለዚህ ነው እናትህ የክርስትና ስሜን የጠየቁኝ?"

"ለዚህ ነው።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና እዚያው እንደተቀመጠች አቀረቀረች። ጭላዳዎቹ በዙሪያዋ ሣራቸውን ይነጫሉ፤ አያ ሰውአገኝ እንዳሉት የሰዎቹን መኖርም ረስተዋል።

"ምነው ልጄ፣ አመመሽ?" አሉ አያ ሰውአገኝ ደንግጠው።

"ነፋሱ ነው አያ" አለች።

ከደባርቅ በተሳፈሩበት ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲመጡ ትከሻው ላይ ተኝታ ነበር፤ አሁን ቦርሳዋን በመካከላቸው አድርጋለች። ዳባትን አለፉ። አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ነው የተናገረችው።

"ከእናትህ በቀር የሚያውቅ አለ?"

"የለም።"

ምን እያሰላሰለች እንደሆነ ገባው፤ እሱም እዚያው ሐሳብ ላይ ሲመላለስ ነው የከረመው። ልቡ ሳያፍር ተስፋ አደረገ። ነይ ዝም እንበል፣ እኔም እሸከመዋለሁ አንቺም ትሸከሚዋለሽ ሊላት ፈለገ። ሚኒባሱ በተሳፋሪ ግጥም ብሎ የሞላ ስለሆነ አልተናገረም።

የወለቃ ሸክላ ሻጮች ዕቃቸውን ሲሰበስቡ በመስኮት እያየች፣ "ዝም ብንልስ?" አለችው። "እናትህ ሠርጉ ላይ ይመጡልኛል?"

ሊዋሻት ይችል ነበር።

"አልቆምም ብላለች።"

"እንግዲያ አይሆንም" አለች። "አንዴ ካገኘኋት በኋላ መልሼ አላጣትም።"

"እኔንስ?"

መስኮቱ ላይ ያረፈው ፊቷ እንባ በእንባ ሆኖ ነበር፤ አንድም ጊዜ ግን አልጠረገችውም። መዝሙርም እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ፣ ከእንግዲህ ምን ብሎ እንደሚዘረጋው ጨነቀው።

ጎንደር ፒያሳ ወረዱ። ቤቷ ማራኪ ሰፈር ነው፤ እሷ ግን ረዳቱ አዘዞ፣ አዘዞ እያለ ወደሚጣራበት ታክሲ ሄደች። መዝሙር ተከትሏት ሊገባ እግሩን ሲያነሳ በሩን በእጇ ያዘች።

"ብቻዬን ልያት" አለችው። እስከ ዛሬ እናቱን አንቺ ብላ አታውቅም ነበር።

"ባዶ እጅሽን ነሽ" አላት፤ ሌላ የሚለው ጠፍቶት።

"ለእናት ምን ይያዛል?"

ረዳቱ "አንተስ፣ አትገባም?" ቢለው ራሱን ነቀነቀ። በሩን ራሱ ዘጋላት። ታክሲው ቁልቁል ወርዶ ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ አየው፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"እማዬ፣ ልጅሽ እየመጣች ነው" አላት። "በሩን ክፈቺላት።"

"አንተስ?" አለችው እናቱ።

"እኔ ዛሬ አልመጣም" አላት።