የግራ ሰደፍ

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ ኮሊን፣ በአገራችን የለቅሶ ሰላምታ ወግ ያስነካውን አፍንጫውን ገና ከንጋሁያ አፍንጫ ሳያላቅቅ። «ግን አባትሽ ያዘዘው ጠመንጃ መጥቷል። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ከኋላው ሃያ የሚሆኑ ለቀስተኞች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ኮሊን ዋይሮአ ከተማ ውስጥ የአደን ጠመንጃ ሲሸጥ አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ሸቀጥ የሚያወራ ሰው አይደለም።

«አባዬ ሦስት ጠመንጃ አለው። አራተኛ ምን ሊያደርግለት?»

«እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት። ደግሞ የግራኝ ጠመንጃ ነው፤ ሰደፉ አጠር ያለ፣ ለግራ ጉንጭ የተሠራ። ለማን ነው ብዬ ብጠይቀው ‹አያገባህም› አለኝ። የዳክዬ አደን ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ አንድ ግራኝ ደንበኛ ካልወሰድኩት ብሎ በየቀኑ ይመላለስብኛል። እስከ ቀብሩ ባለቤቱን ካገኘሽልኝ እይዘዋለሁ።»

ጉንጯን ነካ አድርጎ አለፈ። ተከታዩም አፍንጫውን አስነክቶ፣ አልቅሶ አለፈ።

አባቷ ሆሄፓ በጎሳው ትልቅ ቤት ውስጥ፣ በተከፈተ ሣጥኑ ተኝቷል። የሟች ሚስቱ ፎቶ ከጎኑ ተደግፏል። ብቸኛ ልጁ ንጋሁያ ጥቁር ለብሳ፣ የሐዘን የቅጠል አክሊል ደፍታ፣ ራስጌው ተቀምጣለች። ከባሕር ማዶ፣ ከፐርዝ የገባችው ትናንት ነው። እንባዋ እስካሁን አልመጣም፤ የመጣው ቂሟ ነው። በእኛ ዘንድ ሙት ሦስት ቀን ሙሉ ብቻውን አይተውም። እንደ ሕያው ያናግሩታል፣ ይቀልዱበታል፣ የበደለውም ካለ ፊት ለፊት ይወቅሰዋል። ነውሩ መናገሩ ሳይሆን ክዳኑ እስኪዘጋ አፍኖ መያዙ ነው። ንጋሁያ የምትናገረውን አውሮፕላን ላይ ሆና ቃል በቃል አዘጋጅታዋለች።

አሥራ አራት ዓመት የሞላት ጊዜ አባቷ የመጀመሪያ ጠመንጃዋን ሊመርጥላት ኮሊን ሱቅ ወሰዳት። እሷ ዓይኗ ያረፈው ብረቱ ላይ ወፍ የተቀረጸበት፣ የሚያብረቀርቀው ላይ ነበር።

«እሱ ለግድግዳ ነው» አላት አባቷ።

ቁጥር አሥራ ሁለትና ቁጥር ሃያ የሚሏቸውን አስነሣት። ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ እንደሚጠብ ያን ቀን ሰማች። ለምን ተገለበጠ ብላ ብትጠይቀው «ጠመንጃ ሠሪዎች ሒሳብ ላይ ጎበዝ አይደሉም» አለና ሳቀ። ቀላሉን ስትወድ ደግሞ፣ ቀላል ጠመንጃ ለመሸከም ደስ ቢልም ሲተኮስ እንደ በቅሎ እንደሚራገጥ ነገራት። ያቺ ቀን ደስ የምትል ቀን ነበረች፤ ይህንን ንጋሁያ ክዳ አታውቅም።

«አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ። ወደ ትከሻሽ አምጪው። ግለጪ። ምን ይታይሻል?»

«አፈሙዙ። ጎኑም ይታየኛል።»

«ጉንጭሽን ጫን አድርጊዋ! ጠመንጃን ትከሻ እንጂ ዓይን አይመርጠውም።»

ቅዳሜ በተኩስ ክበቡ ሜዳ ላይ ሃያ አምስት የሸክላ ኢላማ ተወረወረላት። ሁለት ሰበረች። በሳምንቱ አንድ። በሦስተኛው ቅዳሜ ምንም። ሆሄፓ በሰው ሁሉ ፊት ጠመንጃውን ከእጇ ወስዶ «እጅሽ አልታዘዝ ብሎሻል ልጄ። ግቢና ሻይ አፍዪልን» አላት። ክበቡ በሙሉ ሳቀ። ጠመንጃው ለአጎቷ ልጅ ተሰጠ። ንጋሁያ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ባሕር ተሻገረች፤ ለምን ሄድሽ ሲሏት «ሥራ» ትላለች።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት የጠመንጃው ወሬ ወጥ ቤት ደርሶ ተመለሰ። የሆሄፓ ታላቅ እህት ሜሬ ሚስጥር ሆዷ ውስጥ አያድርም።

«ሴት ይዞ ነበር» አለች ለንጋሁያ። ሹክ ማለቷ ነው፤ በሩ ድረስ ይሰማል። «ሰደፉ አጭር ነው አላለም ኮሊን? ሴትዮዋ አጭር ናት።»

«ግራኝስ ናት ወይ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠች ሴት።

«ጊዝቦርን ያለችው ባለ ዳቦ ቤት በግራዋ ነው የምትቆርጠው። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን!»

«አክስቴ፣ ኧረ አባዬ ይሰማሻል» አለች ንጋሁያ።

«ይስማ! አንተ ድፍን፣ ንገረን እስቲ! ለማን ነው?» ብላ የሣጥኑን ጠርዝ አንኳኳች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ንጋሁያም ሳቀች፤ ከዚያ በመሳቋ ተናደደች። ተቆጥታ ልትሸኘው የመጣችው ሰው የማታውቀው ጓዳ እንዳለው ሲገባት ቁጣዋ እንደ ልቧ አልሆን አላት። ቀኑን ሙሉ የለቀስተኛውን እጅ ስታይ ዋለች። እንባውን በግራ እጁ የሚጠርግ አንድ ቄስ ብቻ አገኘች። ቄሱ ደግሞ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ነው።

ከምሳ በኋላ ዝናብ ጣለና ለቀስተኛው ሳሳ። የአባቷ ታናሽ ወንድም ራዊሪ የተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ከጎኗ ቁጭ አለ።

«አጎቴ፣ አባዬ ከሚያውቃቸው ሰዎች ግራኝ ማን አለ?»

«ግራኝ በእጅ ነው በዓይን?»

«ዓይን ደግሞ ግራኝ አለው እንዴ?»

«እኛም እንደዚሁ ብለን ስቀን ነበር» አለ ራዊሪ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ከሄስቲንግስ አንዲት አሠልጣኝ ክበባችን መጣች። ልጅ እግር ናት። አባትሽ ጥግ ቆሞ ያሽሟጥጣታል። ሁለት እጃችሁን ዘርጉና በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ፣ ሁለቱንም ዓይን ሳትጨፍኑ በቀዳዳው እኔን እዩ አለችን። እሷ ፊት ለፊት ቆማ በቀዳዳው የትኛው ዓይን ብቅ እንዳለ ታያለች። አዛዡ፣ ኢላማውን የሚመራው ዓይን እሱ ነው አለች። ዓመቱን ሙሉ ስትስት የከረመች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እጇ ቀኝ፣ ዓይኗ ግራ፤ በቀኝ ስትደግን ዓይኗ የሚያየው የጠመንጃውን ጎን ነው። ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻዋ አዛወረችላት። ልጅቱ ከአሥር ዘጠኝ ሰበረች።»

«አባዬስ?»

«ሁላችን ስናጨበጭብ እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሻይም አልጠጣ። ከዚያ ወዲህ የጀማሪውን ዓይን ሳያይ ጠመንጃ አስነክቶት አያውቅም።»

ባለፈው የገና በዓል አባቷ ለንጋሁያ በቪዲዮ ደውሎላት ነበር። ዓሣ እየጠበሰች ነው ያነሣችው።

«ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፊና ራቅ በይ። እጆችሽን ዘርጊ። በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ሥሪና ስልኩ ላይ ያለችውን ካሜራ እያት።»

«አባዬ፣ ጠጥተሃል?»

«ዝም ብለሽ አድርጊ።»

ሦስት ጊዜ አስደረጋት። ከዚያ ፊቱን ከስልኩ አዞረ። «ከስተሻል፤ በደንብ ብዪ» ብሎ ዘጋው። በማግስቱ ለሥራ ባልደረቦቿ «ሽማግሌው ጃጅቷል» እያለች ስታስቃቸው ዋለች።

«አጎቴ» አለች። «ጠመንጃው የእኔ ነው።»

ነገረችው። ራዊሪ ሲሰማ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል።

«አራት ወር ሙሉ ያውቃል! ለምን አልነገረኝም?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ይኸው ተኝቷል፤ ጠይቂው።»

በሦስተኛው ቀን ክዳኑ ሊዘጋ ሲል ንጋሁያ ተነሣች። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ኮሊን በሩ አጠገብ ቆሟል። አውሮፕላን ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ግማሹ ጠፍቶባታል።

«አባዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እጄን ስጠላ ኖርኩ። ጥፋቱ የእጄ አልነበረም። ጎኑ ይታየኛል ብዬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም። ሰው ሰብስበህ አሳቅክብኝ።»

«ንገሪው!» አለች ሜሬ።

«ስታውቅስ? በደንብ ብዪ ብለህ ዘጋህብኝ! ይቅርታ ማለት ከብዶህ ጠመንጃ አዘዝክ። ጠመንጃው መጥቶ ያስታርቀን ነበር? እኔ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። በማግስቱ እመጣ ነበር አባዬ፣ በማግስቱ!»

እንባዋ መጣ። ሦስት ቀን የቀረው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ተናዳበታለች፣ ትወደዋለች፣ የማታገኘውም ሰው ነው። በእጇ ጀርባ አበሰችና ወደ በሩ ዞረች።

«ኮሊን፣ ለማንም እንዳትሰጠው። የእኔ ነው።»

«ፈቃድ እስክታወጣ እኔ ጋ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል» አለ ራዊሪ።

ሁለት የአጎቷ ልጆች ክዳኑን አነሡ። «ቆዩ» አለቻቸው። ወደ እግርጌው ሄዳ ከፊት ለፊቱ ቆመች። እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች፣ መዳፎቿን አገጣጥማ በመሃል ትንሽ ቀዳዳ ከፈተች፣ ሁለቱንም ዓይኗን ገልጣ በቀዳዳው አየችው። ከአባቷ ፊት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ልጆቹ ክዳኑን እንደያዙ ጠበቁ። ቄሱም ጠበቀ። ራዊሪ በጭንቅላቱ ምልክት ሲሰጣቸው ክዳኑን ቀስ አድርገው አወረዱት፤ እንጨቱ እንጨቱን እስኪነካ ድረስ ንጋሁያ እጆቿን አላጠፈችም።