ያልቀዘቀዘው ሽቦ

ሚስራ ሰኞ ጠዋት ባክቴሪያ የዘራችባቸውን ሳህኖች ከላብራቶሪው ማሞቂያ ሳጥን ስታወጣ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሆሳዕና ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ጥናቷ ስድስት ወር የደከመችበት የመዳብና ሺፍ ቤዝ የሚባል ኬሚካል ውህድ፣ ያ አረንጓዴ ዱቄት፣ እንሰት የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ አንድ ሳያስቀር ጠራርጎታል።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ ይምጡ ይዩልኝ! ፈጀው!»

ሃያ ዓመት በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት የሠሩት ጋሽ ወንዳፈረው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ። ሰውዬው ቶሎ የሚደሰቱ አይደሉም።

«ይሄኛውስ?» አሉ ዱቄቱ ያልነካውን ሳህን እየጠቆሙ። «እሱም ባዶ ነው። ይሄን ማን ገደለው?»

ሚስራ ኩም አለች። ለማነጻጸሪያ የተቀመጠው ሳህን በባክቴሪያ መሸፈን ነበረበት። እሱ ካልበቀለ ውህዱ መግደሉ በምን ይታወቃል? ደገመችው፤ ያው ባዶ። የሚገርመው፣ የባክቴሪያው ዘር በሚጠበቅበት ሳህን ላይ ያ ቢጫ ጉድ ደልቶት ተንሰራፍቷል፤ ከዚያ ወስዳ ስትዘራው ግን እምቢ ይላል። ዱቄቱ የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። ጽሑፏን ልታስረክብ ደግሞ አስራ አንድ ቀን ቀርቷታል፤ አዲስ ለመሥራት አይበቃም።

ከሁሉ የከፋባት ግን ሌላ ነው። ባክቴሪያው የመጣው ፎንቆ ካለው ከእናቷ ከመርየም ጓሮ ነው። አምና ክረምት ብቻ አስራ ሰባት እንሰት ጠውልጎ ወድቆባታል። የታመመውን ግንድ ቆርጣ ስትሰጣት «እንኪ፣ ጠላታችንን እወቂው» ነበር ያለቻት። አሁን ባዶ እጇን ምን ብላ ትመለስ?

በሦስተኛው ሙከራ ቀን ጋሽ ወንዳፈረው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «ሥሪ፤ እኔ አፌን አልከፍትም» አሉ። ሚስራ ጫፉ ቀለበት የሆነውን የመዝሪያ ሽቦ እሳት ላይ ይዛ አጋለችው፤ እንደቀላም ወደ ባክቴሪያው ሰደደችው። ቺስ አለ።

«ተይ!» ብለው ጮኹ አፌን አልከፍትም ያሉት ሰውዬ። «ጠብሰሽ ነው እንዴ የምትዘሪው? ለምን እስኪቀዘቅዝ አትጠብቂም?»

«ከቀዘቀዘማ በሽታ ይይዛላ!»

ካለች በኋላ ራሷን ሰማች። ቃሉ የመርየም ነው። መርየም ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስትሄድ ቢላዋዋን እሳት ሳታስነካ አታልፍም፤ ትኩሳቱም ሳይወጣለት ትቆርጣለች። ሚስራ ይህን እያየች ነው ያደገችው። መጽሐፉ «አቀዝቅዙ» ማለቱን ለፈተና ሸምድዳው ነበር፤ እጇ ግን ያነበበው የእናቷን ነው።

ጋሽ ወንዳፈረው ሳቁ። «እናትሽ ልክ ናቸው። እሳቸው ሊገድሉት ነው የሚፈልጉት። አንቺ ግን መጀመሪያ ልታኖሪው ይገባል። በይ ሽቦውን እንደገና አግይና እስከ ሃያ ቁጠሪ፤ ከዚያ ካልጠበስሽው ቦታ ውሰጂ።»

ቆጠረች። ከሁለት ቀን በኋላ ማነጻጸሪያው ሳህን ቢጫ ለብሶ ተገኘ። መዳብ የሌለው ሺፍ ቤዝ በተቀመጠበት ዙሪያ ጠባብ ክብ ብቻ ነበር፤ መዳብ ያለው ግን በዙሪያው ሰፊ ንጹሕ ክብ ጠርጎ ነበር፤ በማስመሪያ ስትለካው አስራ ዘጠኝ ሚሊሜትር። ሚስራ እንባዋ መጣ። እሷ «አልሃምዱሊላህ» ስትል እሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ቅዳሜ ፎንቆ ሄዳ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት። «ሳህን ላይ ነው እንጂ ጓሮ ላይ ገና ነው፣ እማ» ማለቷንም አልረሳችም።

መርየምን የከነከናት ግን ሌላው ነው። «ታዲያ ያዘገየሽ የኔ ቢላዋ ነዋ» አለች ቅር ብሏት።

ሚስራ ከቤቱ ጀርባ የቆሙትን እንሰቶች አየች። የስንቱ ጎረቤት ጓሮ ባዶ ሆኗል። «ቢላዋሽ ባይግል ኖሮ ምን በልቼ እማር ነበር?» አለቻትና ከቦርሳዋ የጽሑፏን የምስጋና ገጽ አውጥታ አነበበችላት። «ቢላዋዋን ሳታግል እንሰት ነክታ ለማታውቀው ለእናቴ ለመርየም፤ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅን ላስተማሩኝ ለጋሽ ወንዳፈረው።»

መርየም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ለእኚህ ሰውዬ ቡላ ይገባቸዋል» አለች። «ያን ትልቁን እንሰት እቆርጥላቸዋለሁ።»

ተነስታም ቢላዋዋን እሳት ውስጥ ከተተች።