ፍሪጅ የገባው ቅባት

ምራትና አማት ዐይንና ናጫ ናቸው። አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ቃል የሚለዋወጡት በልጅየው በኩል ነው። «እናትህን ጨው ያቀብሉኝ በላቸው» ትላለች ምራት። «ሚስትህን እጅ የላትም ወይ በላት» ትላለች አማት። ልጅየው መሐል ተቀምጦ ጣፋጩን ያደርሳል፣ መራራውን ይውጣል። ሰላም ያወረደ መስሎታል፣ ጅል!

ምራት መድኃኒት ቀማሚ ናት። የያዘችው የፈንገስ መድኃኒት እልኸኛ ዱቄት ነው፤ ውኃ ውስጥ ቢያማስሉት እንደ ኖራ ይዘቅጣል። ያልሟሟ ደግሞ ቆዳ ላይ ተኝቶ ይውላል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ደጋግማ ሠርታ፣ ደጋግማ ደፍታ፣ በመጨረሻ ለብ ባለ ፈሳሽ አሟሟችውና እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ጄል አወጣች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ግን ፊቱ አልተፈታም።

«አንድ ሰው ላይ ሲሠራ ልየው። ካልሆነ ቅመማው ይቅርብሽ፤ መደርደሪያ ትጠርጊያለሽ።»

አማት ልብስ አጣቢ ናት፤ የጣቶቿ መሐል በፈንገስ ተልጧል። ከእሷ የከፋ እጅ ሰፈሩ ውስጥ አልተገኘም። ምራት ጄሉን በብልቃጥ አድርጋ በባሏ እጅ ላከችላት።

ብዙም ሳይቆይ አማት መድኃኒት ቤቱ ደንበኛ በሞላበት ሰዓት ገብታ ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ ዘጭ አደረገችው።

«ይኸው የተማረች ምራት! በአሸዋ ፈተገችኝ!»

ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ በጣቱ አሸት አደረገው። ደፍርሷል፤ ይቆረቁራል።

«ተሳካልኝ ያልሽኝ ይሄን ነው?»

ምራት ብልቃጡን ብትነካው በረዶ ነው።

«የት ነው ያስቀመጡት?» አለች፣ ያለ አማላጅ።

«ፍሪጅ ውስጥ ነዋ፣ ከወተቱ ጎን! መድኃኒት አይደለም እንዴ?»

«ብርድ እንዳይነካው ብዬ ልኬ ነበር! ከቀዘቀዘ የሟሟው ተመልሶ ዱቄት ይሆናል።»

«ልጄ ‹ይቀቡት› ነው ያለኝ። ምን ብለሽ ነው የላክሽው? ቃል በቃል ንገሪኝ!»

«‹ብርድ እንዳያስነኩት፤ የእርስዎ ልብ የሚችለውን ብርድ መድኃኒቱ አይችለውም› ብዬ።»

«እንግዲያማ ስድብሽን ሲውጥ ምክርሽም አብሮ ወረደ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በጄልማ ጨርሶ!»

ደንበኞቹ ሳቁ። ባለቤቱ አልሳቀም።

«ፍሪጅ የሚገድለው ቅባት አልሸጥም። ብትነግሪውም ባትነግሪውም ሰው ፍሪጅ ውስጥ ይከተዋል። ወደ መደርደሪያሽ።»

እውነቱን ነው፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው።

«ብርድ የሚችል እሠራለሁ» አለች። «የሚሞክሩትም እሳቸው ናቸው። ካሻቸው በረዶ ውስጥ ይቅበሩት።»

«ጠላትሽ እኮ ነኝ!» አለች አማት።

«ለዚያ ነው። ወዳጅ እየቆረቆረው ‹ደህና ነው› ይለኛል።»

አማት የተላጠ እጇን አየች። «አምጪው። ግን በልጄ እንዳትልኪብኝ። እፊቴ ቆመሽ ትናገሪያለሽ፣ ስድቡንም ጭምር።»

«እስከ ወር መጨረሻ ብቻ» አለ ባለቤቱ።

ምራት ዱቄቱን ልትመዝን ወደ ጓዳ ስትገባ አማት ከኋላ ጮኸችባት፦

«ፍጠኚ እንጂ! እከኩ እንደ ልጄ የዋህ አይደለም፣ አይጠብቅሽም!»