ልክ ነው?

"ኧረ እባክህ የሸሚዝ ቁልፎቼን መልስልኝ!" አለች የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ክር የገባበት መርፌ በእጇ እንደያዘች።

ጄኔራሉ አልሰማትም። ጄኔራል የሚሉትም ለሹፈት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ጡረተኛ እንጂ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጣ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጦር ሜዳ ያደርገዋል። ዛሬማ ሬዲዮው ጠላት የሰላም ሐሳብ አቀረበ ብሎ፣ ማን ይቻለው!

"ይኸው፣ ሜትሩ ወንዙ ነው፣ ጠመኔው ድልድዩ። ጥቁሮቹ ቁልፎች እነሱ፣ ነጮቹ እኛ። ሰላም ያሉት ወደው መሰላችሁ? ነዳጅ አልቆባቸው ነው። ሦስት ሳምንት ካገኙ ድልድዩን ጠግነው፣ በዚህ በኩል ዞረው..." ጥቁሮቹን ገፋቸው።

ልብስ ሰፊው ድልድዩ ጋ ብቻውን የቀረውን ነጭ ቁልፍ አየ። የዘመተው ልጁ ያለው እዚያ ነው።

"የእውነት ደክሟቸው ቢሆንስ?" አለ።

"አንተ ደግሞ! ሲበዛ የዋህ ነህ።"

ግራጫው ጨርቅ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ አምስት ወሩ ነው። ለልጁ የሰርግ ልብስ የተገዛ ነበር። ልኩ ተወስዶ ደብተር ላይ እንደተጻፈ ልጁ ዘመተ። ሚስቱ "ቁረጠው እንጂ" ባለችው ቁጥር "ሲመጣ" ይላታል። አንዴ በሰው ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ለሌላ አይሆንም፤ የሚፈራው ይህን ነው።

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ነው። ልብስ ሰፊው ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ መስመሩ ግን ይቆራረጣል።

"አባዬ... እዚህ... እያሉ ነው... ልክ ነው?"

"ልክህማ ደብተሬ ላይ አለ!" ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው። "ደረትህ ዘጠና ስምንት፣ ወገብህ ሰማንያ አራት..."

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። "ኧረ አባዬ! ስለ ሰላሙ ነው የምጠይቅህ፤ የሚወራው ልክ ነው ወይ? ደግሞ እሱ ልክ አሁን አይሆነኝም፣ ከስቻለሁ..." መስመሩ ተቋረጠ።

ከሄደ ወዲህ ሲስቅ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነው።

"ባይቋረጥ ምን ልትለው ነበር?" አለ ጄኔራሉ ቀስ ብሎ።

"እኔ ምን አውቄ? ስለ ጦርነት አንተ ታውቃለህ፤ እኔ የማውቀው ልብስ ነው። በል አሁን ወንዝህን አንሳልኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ልሥራ።"

ጄኔራሉ ሳይከራከር ቁልፎቹን ሰብስቦ ለሚስትየዋ ሰጣት። ልብስ ሰፊው ግራጫውን ጨርቅ አውርዶ ዘረጋው፤ ደብተሩን ገልጦ በጠመኔ አሰመረ።

"ከስቻለሁ አላለም እንዴ?" አለች ሚስቱ ዓይኗን እየጠረገች። "በየትኛው ልክ ልትቆርጠው ነው?"

"በደብተሩ" አለና መቀሱን አስገባ። "እቤቱ ሲገባ ይወፍራል።"