ዓይን ጨፍኖ እንግሊዝኛ

አስተማሪዋ ለወንጌል አገልግሎት ባሕር ተሻግረው ከመጡት ሁሉ በዕድሜ ታናሽ ነበረች፤ ምላሷ ግን የሁሉም ታላቅ። ለአገሬው ሴቶች የምታስተምረውን እንግሊዝኛ ከሬዲዮና ካሮጌ መጽሔት ለቃቅማ ነው ያወቀችው። የቡድኑ መሪ መጋቢ ይህ አይዋጥለትም።

«ስሚ እህቴ» አላት አንድ ጠዋት፤ «ነገ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጽዳት ሠራተኛ ሊመርጥ እዚህ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቀው። ከተማሪዎችሽ አንዷ እንኳ ካለፈች ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልሆነ ባለዲግሪዋ ባለቤቴ ክፍሉን ትረከብሻለች፤ አንቺ ወጥ ቤት ገብተሽ ድንች ትልጫለሽ።»

«ድንቹን ለባለቤትዎ ያስቀምጡላቸው፣ መጋቢ» አለችና ወጣች።

ተማሪዎቿ ቃሉን አያጡትም። በተለይ ልብስ አጣቢዋ እትዬ ሳሙና እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የጠጡት። ጣጣው ሌላ ነው። አስተማሪዋ ስትጀምር መጽሐፍ ስላልነበራት ትምህርቱን በጸሎት አስጀመረች፦ ዓይን መጨፈን፣ እሷን መከተል፣ ሲያበቃ አሜን ማለት። ሴቶቹም እንግሊዝኛ ማለት እንዲህ የሚነገር ነገር ነው ብለው ያዙት። የቲማቲም ዋጋ ሲጠይቁ እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ነው።

«እትዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ነገ ዓይንዎን ይግለጡ!»

«ስገልጠውማ ቃሉ ይበርብኛል፣ ልጄ።»

«አሜኑንስ?»

«ያለ አሜን? ልብሱን ሳያለቀልቁ ማስጣት ነው እኮ!»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስተካክሎ የጸሎቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ። መጀመሪያ የገቡት ሁለት ተማሪዎች ዓይናቸውን ገልጠው ፊቱን ሲያዩ ቃሉ በርሮባቸው ወጡ። እትዬ ሳሙና ብቻ ቀሩ። መጋቢው ጥግ ቆሞ ፈገግ ብሏል።

«ስለ ሥራሽ ንገሪኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ በእንግሊዝኛ።

እትዬ ጨፈኑ፣ እጃቸውን አጣመሩ፣ አንገታቸውን ደፉ። አስተማሪዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሰውዬው ግን ሴትዮዋ ሊጸልዩ ነው ብሎ ብድግ አለ፤ እሱም ጨፈነ። መጋቢውም ከልማድ ጨፈነ። ጸሎት ማን ያቋርጣል?

«አንሶላ አጥባለሁ» አሉ እትዬ በጠራ እንግሊዝኛ። «አልጋ አነጥፋለሁ። ሽንት ቤት አጸዳለሁ። እንግዳ ቢጮህብኝ ዝም እላለሁ፤ ሁለተኛ ቢጮህ ግን እኔም አለሁ። እሁድ አልሠራም። ነገ እጀምራለሁ። አሜን።»

«አሜን!» አሉ ሁለቱም ወንዶች ከልባቸው።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ገለጠና ምን ላይ አሜን እንዳለ ያን ጊዜ ገባው። «እሁድ እኮ ዋናው የሥራ ቀናችን...»

«አሜን ብለዋል፣ ጌታዬ» አለች አስተማሪዋ ከአፉ ነጥቃ። «ያውም በእግዜር ቤት! መጋቢያችን ምስክር ናቸው።»

ሰውዬው መጋቢውን አየ። መጋቢው ጣሪያውን አየ።

«ብለናል» አለ መጋቢው በመጨረሻ፣ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው።

ሥራ አስኪያጁ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «በቃ ነገ ትምጣ። ግን እንግዶቼን ስታናግር ዓይኗን ትግለጥ።»

መጋቢው ቃሉን አላጠፈም፤ የክፍሉን ቁልፍ ሰጥቷት ጀርባውን አዞረ። አስተማሪዋ ደረቷን ነፍታ ገባችና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

«ከዛሬ ጀምሮ እንግሊዝኛ የሚነገረው ዓይን ተገልጦ ነው!»

ክፍሉ በአንድ አፍ ጮኸ፦ «ምን ሲደረግ! እትዬ ጨፍነው ተቀጥረው እኛን ልታስገልጪን?»