ያልተከፈተው ቅጂ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ላሊሴ ዲስኳን ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካው ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ነቅላ ሰካችው። ገመድ ቀየረች። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፖሉ ቦግ ብሎ መቃጠሉ ትዝ አላት። ዲስኩ ያን ጊዜ እንደተሰካ ነበር።

ላሊሴ ሠዓሊ ናት። ሰበታ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ቀን ቀን ለማስታወቂያ ድርጅቶች ትሠራለች፣ በተረፋት ሰዓት ደግሞ በዓለም ላይ የሌሉ ፍጥረታትን ትስላለች። ከስድስት ዓመት በፊት «ከወጨጫ ጀርባ» የሚል የሥዕል መጽሐፍ አሳትማ ነበር። ከመስኮቷ ከሚታየው ተራራ ኋላ ጭጋግ እየጋጡ የሚኖሩ አውሬዎች፣ ዝናብ በጀርባቸው የሚያመላልሱ ግዙፍ ወፎች፣ ዛፍ ሥር ከተማ የቆረቆሩ ትንንሽ ፍጡራን፤ በጠቅላላው አርባ ስምንት ሥዕሎች። ሁሉንም የሳለቻቸው በታብሌት ላይ ስለሆነ በሸራ ወይም በወረቀት የተቀመጠ ዋና ሥዕል የላቸውም። ያሉት ዲስኩ ውስጥና በታተሙት ስልሳ ቅጂዎች ላይ ብቻ ነበር።

መጽሐፉ የታተመው ለሰብሳቢዎች ነው። ወፍራም ወረቀት፣ ጠንካራ ሽፋን፣ ከአንድ እስከ ስልሳ ቁጥር። በእያንዳንዱ ቅጂ የመጨረሻ ገጽ ላይ በገዛ እጇ እንዲህ ብላ ጽፋ ፈርማበታለች፦ «ይህ መጽሐፍ ከእነዚህ ስልሳ ቅጂዎች በቀር በምንም መልክ ዳግም አይወጣም።» ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ስትጽፈው ኩራት እንጂ ስጋት አልተሰማትም።

አሁን ግን ናይሮቢ ያለ አንድ የሥዕል መጻሕፍት ድረ ገጽ የመጽሐፉን ዲጂታል እትም ጠይቋት፣ ሙሉውን ፋይል እስከ ሐሙስ ልትልክ ተስማምታለች። ስለ ቃሏ ለማንም አልተናገረችም። ስድስት ዓመት አልፏል፣ ማን ያስታውሰዋል እያለች ራሷን ስታባብል ነበር የከረመችው።

በዚያው ቀን ዲስኩን በሻርፕ ጠቅልላ ቡራዩ ወዳለው ወደ ሐምዱ ሄደች። ሐምዱ አብሯት የተማረ ጓደኛዋ ነው፤ ፎቶ ቤት አለው፣ የተበላሸ ዲስክም ለማዳን ይሞክራል። ሁለት ሰዓት ያህል ጎንበስ ብሎ ሲታገል ቆይቶ ቀና ሲል ገና ፊቱን አይታ ተስፋ ቆረጠች።

ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን አስቀምጦት እንደሆነ ጠየቃት። ደውላ ነበር፤ ማሽን ሲቀይሩ የድሮውን ሁሉ አጥፍተውታል። የራሷ ቅጂስ? የራሷ፣ ቁጥር ስልሳ፣ አምና ክረምት ጣሪያው አፍስሶበት ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ልታላቅቃቸው ስትሞክር ቀለሙ አብሮ ተልጦ ወጣ።

«እንግዲያው ንጹሕ ቅጂ ፈልጊና ስካን አድርጊው» አላት። «ግን ልንገርሽ፤ ሥዕሎችሽ ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጉ ናቸው። መጽሐፉን በደንብ ካልተጫንሽው መሃሉ ይጠቁራል። ከተጫንሽው ደግሞ ጀርባው ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ይህን ማወቅ አለበት።»

ስካነሩን አዋሳት። ማክሰኞን ሙሉ ስልክ ስትደውል ዋለች። አንዱ ቅጂ ላይ ልጆች በእስክሪብቶ ጽፈውበታል። ሌላውን ባለቤቱ ለጓደኛው አውሶት አልተመለሰም። ቡራዩ የምትኖረው ነርስ፣ ራቢአ፣ ቅጂዋ ቤት ስትቀይር ጠፍቶባታል። በመጨረሻ ላሊሴ ለመደወል ፈርታ ያቆየችው አንድ ስም ቀረ፦ አቶ ገብረየስ፣ ሱሉልታ፣ ቁጥር ሦስት። እኚህ ሰው ከዓመት በፊት ደውለው ሁለተኛ መጽሐፍ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር። ያኔ በጨዋታ መሃል የእሳቸው ቅጂ ከነላስቲኩ እንደተቀመጠ፣ አንድም ቀን እንዳልተከፈተ ነገሯት።

ስትደውልላቸው ሥዕሎቹ ጠፍተውባት እንደተቸገረች፣ ቅጂያቸውን ስካን ማድረግ እንደምትፈልግና የመጽሐፉ ጀርባ ሊጎዳ እንደሚችል ነገረቻቸው። ስለ ናይሮቢና ስለ ሐሙሱ ቀጠሮም ነገረቻቸው። ስለ መጨረሻው ገጽ ግን ምንም አላለችም። ካልከፈቱት አላነበቡትም፣ ይህን ነበር ስታስብ የነበረው። እሳቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ ረቡዕ ጠዋት ነይ አሏት።

ረቡዕ ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ የስካነሩን ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሰበታ አዲስ አበባ፣ ከአዲሱ ገበያ ደግሞ በሚኒባስ ወደ ሱሉልታ ወጣች። እንጦጦ ላይ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር። ዳገቱን አልፈው ሜዳው ሲከፈት ሯጮች በአስፋልቱ ዳር በሰልፍ ያልፋሉ፤ የእሷም ልብ አብሯቸው የሚሮጥ መሰላት። የምትላቸውን ደጋግማ አሰበች። መጽሐፉን ሲከፍቱ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሳይደርሱ ከእጃቸው ተቀብላ ወደ ስካነሩ ታዞረዋለች። ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት፤ ግን ሌላ መንገድ አልታያትም።

አቶ ገብረየስ ባንክ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ቀጭን ሰው ናቸው። በር ላይ በኦሮምኛ «አካም ጂርታ» ብለው ተቀበሏት፤ ስሟን ሰምተው የተለማመዱት መሆኑ ያስታውቃል። ሳሎናቸው አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ባለመስታወት መደርደሪያ ነው። ከየአገሩ የመጡ የሥዕል መጻሕፍት፣ ዘንዶዎች፣ የተንሳፈፉ ከተሞች፣ ባለ ክንፍ ፈረሶች። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚሰበስቡ ስትጠይቃቸው ሠላሳ ዓመት ያለውን ነገር ብቻ ሲያዩ እንደኖሩ፣ የሌለውን ማየት እንዳማራቸው ነገሯት።

«ኮምፒውተር ላይ አያዩም፣ ጋሼ?»

«አያለሁ። ግን ስክሪን ላይ ያየሁት የእኔ አይመስለኝም። ሁሉም ሰው እኩል ነው የሚያየው።»

ቁጥር ሦስትን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ላስቲኩን በምላጭ ቀደዱት። ላሊሴ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ወዲያው አልሰጧትም። መጀመሪያ እኔ ልየው ብለው መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። አንዱን ሥዕል ሦስትና አራት ደቂቃ ያዩታል። ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ይህ ወፍ የት ያርፋል፣ እነዚህ ጭጋግ ሲጠፋ ምን ይበላሉ። ትመልስላቸዋለች፣ ዓይኗ ግን የቀሩትን ገጾች ውፍረት ይለካል። አርባ። አርባ ሦስት። አርባ ሰባት።

አርባ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የመጨረሻውን ገጽ ሳይገልጡ መጽሐፉን ዘግተው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«በይ ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ።»

ማምለጧን ማመን አቃታት። ስካነሩን ሰካች፣ የመጀመሪያውን ሥዕል ዘርግታ መስታወቱ ላይ ደፋችውና በሁለት መዳፏ ተጫነችው። የመጽሐፉ ጀርባ ቀጨጭ አለ። ትንሽ ድምፅ ናት። አቶ ገብረየስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ሲኮማተር አየችው። መዳፏን አነሳች።

«ጋሼ፣ ያልነገርኩዎት ነገር አለ።»

አልዞሩም። እሷ ስለ መጨረሻው ገጽ ነገረቻቸው፤ ምን እንደጻፈች፣ ለምን እንደጻፈችው፣ እሳቸው ሳያነቡት ሥራዋን ጨርሳ ልትሄድ እንዳሰበች ጭምር። ስትጨርስ እጇ የት እንደሚቀመጥ ጠፋት።

«የሸጠልኝ ሰው ነግሮኛል» አሉ አቶ ገብረየስ። «የገዛሁትም በዚያ ቃል ምክንያት ነው። ስትደውይ ትነግሪኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። እዚህ ስትገቢም ጠበቅኩ።»

«ታዲያ ለምን ከፈቱት?»

«ሥዕሎቹ ጠፉ አልሽኝ። ንጹሕ የቀረው የእኔ ብቻ ከሆነ ታሽጎ መቀመጡ ለማን ይጠቅማል?» ዞረው አዩዋት። «እኔ የራሴን ፈቅጃለሁ። የሌሎቹን ግን ልፈቅድልሽ አልችልም። ቃሉን የሰጠሽው ለሁሉም ነው፤ ጠይቂያቸው።»

ነገ ሐሙስ እንደሆነ ነገረቻቸው። አውቃለሁ አሉ።

ሥዕሎቹ ዳግም እንዳይጠፉ በማለት ስካኑን እንድትጨርስ ፈቀዱላት፤ ያለሰዎቹ ፈቃድ ግን ለማንም እንደማትልክ ቃል ገባች። አመሻሹ ላይ አርባ ስምንቱ አለቁ። መጽሐፉ ጀርባው ላልቶ፣ ሽፋኑ በደንብ አልገጥም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በሚኒባሱ ስትመለስ ፋይሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አንድ ቁልፍ ብትጫን ናይሮቢ ይደርሳል። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ይህ ሐሳብ አለቀቃትም። በመጨረሻም ለናይሮቢዎቹ ጊዜ እንዲጨምሩላት ጻፈችላቸው። በትሕትና መለሱላት፤ ቦታው ለሌላ ሠዓሊ መሰጠቱንና መጽሐፉ ዝግጁ ሲሆን እንደገና መጠየቅ እንደምትችል ነገሯት። አነበበችና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ረጅም ሰዓት ግድግዳውን አየች።

ከዚያ መደወል ጀመረች። የገዢዎቹ ስም የነበረበት ደብተር ግማሹን ብቻ ይዟል፤ የቀሩትን ሰው በሰው አፈላለገች። ብዙዎቹ ፈቀዱላት። አንዳንዶቹ እየቀፈፋቸው ነው፤ አንዲት ሴት ፈቅዳ ስታበቃ ስልኩን በላሊሴ ጆሮ ላይ ዘጋችው። ራቢአ ግን እትሙ እንዲወጣ ልትለምናት ጥቂት ነው የቀራት። አንዱን ሥዕል በስልኳ አንስታው ስለነበር እሱኑ እያጎላች እንደምታይ፣ ካጎላችው በኋላም ነጠብጣብ ብቻ እንደሚሆንባት ነገረቻት።

እንቢ ያለው መልከጼዴቅ ነው። ለገጣፎ የሚኖር ነጋዴ ነው፤ አምስት ቅጂ አለው። በስልክ ሲያናግራት አልተቆጣም፣ ያ ደግሞ የባሰ አስፈራት።

«አምስቱን የገዛሁት ፊርማሽን አምኜ ነው» አላት። «ፊርማሽ ካልሠራ ምኑን ነው የያዝኩት?»

ነሐሴ ሲያልቅ ታብሌቷን ይዛ ራሷ ሄደች። መልከጼዴቅ ቢሮው ውስጥ አስቀምጧት፣ ያየዋል ብላ ያልጠበቀችውን ነገር አየ። የዛፍ ሥሩን ከተማ በጣቱ እያሰፋ ሲያገላብጥ አንድ መስኮት ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ፍጡር ላይ ቆመ። «ይህ በወረቀቱ ላይ የለም» አለ። «አለ፣ ትንሽ ስለሆነ ነው» አለችው። አላመናትም። መሳቢያ ከፍቶ አንዱን ቅጂ አወጣ፣ በማጉያ መነጽር ፈለገው፣ አገኘውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያየው መኖሩ ያናደደው መሰለ።

ቅጂውን ወደ መሳቢያው መልሶ አንድ ነገር ጠየቃት። ዲጂታሉ ከወጣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ቃል ሰጥታ እንደነበር፣ ቃሏን እንዳፈረሰችና ማንን አስፈቅዳ እንደሆነ ይጻፍ። ሰው ሁሉ ይየው። ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ቃል አፍራሽ ነኝ ብሎ መጻፍ ቀላል አልነበረም። ግን እሺ አለችው፣ እዚያው ፊቱ ጻፈችው፣ እሱም ሁለት ቦታ አስተካከለላት።

ዲጂታል እትሙ ጥቅምት ላይ በዚያው በናይሮቢው ድረ ገጽ ወጣ። ራቢአ በመጀመሪያው ቀን ደውላ አመሰገነቻት። አቶ ገብረየስ ኮምፒውተር ላይ እንዳላዩት፣ ጀርባው የላላውን መጽሐፋቸውን ግን በየቀኑ እንደሚገልጡት ነገሯት። የዘጠኝ ቅጂዎችን ባለቤቶች ግን ላሊሴ እስከ መጨረሻው አላገኘቻቸውም፤ እትሙ የወጣው ያለ እነሱ ፈቃድ ነው። የማታውቀው ቁጥር በደወለ ጊዜ ሁሉ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት ቁጭ ትላለች።

ኅዳር ላይ አንዱ ደወለ። ፉሪ የሚኖር መምህር ነኝ አለ። ቁጥር አርባ አንድ የእሱ ነው። ዲጂታሉን ያየው ተማሪው ስልክ ላይ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። አሥር ደቂቃ ያህል ተናገራት፤ አልተሳደበም፣ ግን አንድም ቃል አላስተረፈላትም። እሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አፈላልጋው እንዳላገኘችው ነገረችው፣ ይቅርታ ጠየቀችው፣ መጽሐፉን መመለስ ከፈለገ የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ እንደምትሰጠው ቃል ገባችለት።

«እንዴት ተደርጎ» አላት። «መጽሐፉን አልሰጥም።»

ከዚያ ዘጋው።