የፉርቃን ፊት

ሐኪሙ «ጉበትዎ ላይ ስብ ተከምሯል፤ ክብደት ካልቀነሱ እየጠነከረ ይሄዳል» ካለው ወዲህ ኸይረዲን ለስላሳውንም፣ ዳቦውንም፣ ክትፎውንም ተወ። ከቤቱ እስከ ዱባይ ተራ ጫማ ሱቁ በእግሩ መመላለስ ያዘ። ታላቅ ወንድሙ ፉርቃን በጉበት ነው የሞተው፤ እንደዚያ መሞት አልፈለገም።

መርካቶ ግን የወፈረውን «አማረበት» ይላል እንጂ ለከሳ ምሕረት የለውም። የከሳ ወይ ታሟል ወይ ከስሯል።

«ኸይሩ፣ ያንን ሁሉ ቦርጭ በጅምላ ሸጥከው እንዴ?» አለው የፊት ለፊቱ ባለሱቅ ጠሃ።

ሰዉ ሳቀ። ሳቁንስ ችሎት ነበር፤ ያንገበገበው ቀጥሎ የመጣው ሹክሹክታ ነው። «አያችሁት? ቁርጥ ፉርቃንን!»

ይኼ ነበር የቀረው። ዕድሜውን ሙሉ «የፉርቃን ወንድም» ሲባል ኖሯል። ፉርቃን ሸንቃጣ፣ መልከ መልካም፤ ታናሽ ወንድሙን ደግሞ ደንበኛ ፊት «ጆንያው» እያለ የሚጠራ። ሀፍሷን እንኳ ቀድሞ ያያት ኸይረዲን ነበር፤ ያገባት ግን ፉርቃን። አሁን ጉንጩ በጎደለ ቁጥር ከሥር የሟቹ አገጭ፣ የሟቹ ጉንጭ አጥንት ብቅ ይላል። ጠዋት ጢሙን ሲላጭ እጁ ይቆምበታል። የሬሳ ፊት የሚላጭ ይመስለዋል።

ዛሬ አርብ፣ የምርመራ ውጤቱን ተቀብሎ መጣ። ስቡ ቀንሷል፤ «በዚሁ ይቀጥሉ» ተብሏል። ለማን ይንገር? የከሳ ሰው ደህና ነኝ ቢል ማን ያምነዋል።

የአንዋር መስጊድ ሰጋጅ ሲበተን የወንድሙ ሚስት ሀፍሷ ክዳን ያለው ሰሃን ይዛ ሱቁ በር ላይ ደረሰች። ስታየው ክው አለች።

«ፉርቃኔ...»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ሀፍሷ።»

«ብላ። ክትፎ ነው። ያኔም እንዲህ እየከሳህ ነው የሄድክብኝ።»

ሰሃኑን ከፈተችው። የቅቤው ሽታ አፉን በምራቅ ሞላው። ቢበላ ጉንጩ ይመለስለታል፤ ጠሃም አፉን ይዘጋል፤ ሟቹም ወደ መቃብሩ ይገባል። ጉበቱ ግን...

ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

«እሱን ያከሳው በሽታው ነው። እኔ የከሳሁት ልኖር ብዬ ነው። ኸይረዲን ነኝ እኮ!»

ሀፍሷ ጠጋ ብላ ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ለባሏ ታደርገው እንደነበረው፣ በሁለት ጣቷ። ኸይረዲንን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ነክታው አታውቅም።

«ኸይሩማ ወፍራም ነበር» አለች በለሆሳስ። «አላህ ይዘንለት።»